ከዋሻው ያልወጣ ንግግር

ፕሪስካ ዓይኗን ጨፍና ትታታለች። ዘንባባው በጣቶቿ መካከል ይገባል፣ ይወጣል፤ ባርኔጣው ጉልበቷ ላይ እየሰፋ ይሄዳል። ዋሻው ውስጥ ብርሃን የለም ማለት ይቻላል፤ ለእሷ አያስፈልጋትም። የላዩ ደረቅ አየር ዘንባባውን ስለሚሰነጥቀው፣ በመንደራችን ሰው ሁሉ የሚታታው ግቢው ጥግ ላይ ጉድጓድ ቆፍሮ፣ እርጥበቱ ውስጥ ወርዶ ነው። የእሷ ዋሻ ለሁለት ሰው ብቻ ይበቃል። የባሏ የኤሊሂዮ መቀመጫ ድንጋይ ከፊት ለፊቷ ባዶውን አለ። እኔ ስመጣ እዚያ ላይ አልቀመጥም። ደረጃው ይበቃኛል።

አበልጄ ናት። የመጀመሪያ ልጇን ሩቲሊዮን ክርስትና ያነሳሁት እኔ ነኝ።

አብረን ነው ያደግነው። ትምህርት ቤት ስንገባ ሁለታችንም የምናውቀው የአያቶቻችንን ቋንቋ፣ ንጊዋን ብቻ ነበር። መምህሩ ደግሞ የሚያውቀው ስፓኒሽ ብቻ፣ እኛ ካስቲያ የምንለውን። በንጊዋ የተናገረ ልጅ በሁለት እጁ ድንጋይ ይዞ ፀሐይ ላይ ይቆማል። አንድ ቀን ፕሪስካን ሽንት ያዛት። ፈቃድ መጠየቂያውን በካስቲያ አታውቅም፣ በንጊዋ ጠየቀች። መምህሩ ድንጋዩን አስይዞ አቆማት። እንደቆመች አመለጣት። ልጆቹ ሁሉ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ስምንት ዓመቷ ነበር።

ትምህርት ቤት አልተመለሰችም። ኤሊሂዮን ስታገባ ግን አስማለችው፤ ልጆቼ እንደ እኔ አይቆሙም አለችው። ከመሬት በላይ ካስቲያ ብቻ ይነገራል፣ ንጊዋ ዋሻ ውስጥ ይቀራል። ልጆቹ እንዳይወርዱ ደግሞ የልጅ ትንፋሽ ዘንባባ ያደርቃል ብላ ነገረቻቸው፣ አመኑ። ብዙ ቤት እንዲህ አደረገ። የእኔም ቤት።

የፕሪስካ ካስቲያ ከዚያች የትምህርት ቤት ግቢና ከገበያ የተለቀመች ናት። ና፣ ሂድ፣ ብላ፣ ታጠብ፣ ዝም በል፣ ቶሎ በል። በእነዚህ ነው ሁለት ወንዶች ልጆች ያሳደገችው፣ ሩቲሊዮንና ዴልፊኖን። ዋሻው ውስጥ ከባሏ ጋር ታወራለች፣ ትስቃለች፣ ታሾፍበታለች። ደረጃውን ወጥታ ፀሐይ ስትነካት ፊቷ ይዘጋል። ሩቲሊዮ ትንሽ ሳለ ከዋሻው አፍ ላይ በሆዱ ተኝቶ ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ። አንድ ቀን ምን ታደርጋለህ ብዬ ስጠይቀው፣ "እማዬ ስትስቅ እየሰማሁ ነው" አለኝ።

አድጎ ወደ ዋና ከተማው ሄደና ግንበኛ ሆነ። በሦስተኛው ዓመት ታናሹን ዴልፊኖን ወሰደው። ዴልፊኖ ከአራተኛ ፎቅ ወደቀ። ሬሳውን ያመጣው ራሱ ሩቲሊዮ ነበር። መቃብሩ አፈር እንደለበሰ ኤሊሂዮ በሰው ሁሉ ፊት፣ በካስቲያ፣ ከእንግዲህ ቤቴን እንዳትረግጥ አለው። ልጁም አልረገጠም፣ አሥራ አንድ ዓመት።

ከዚያ አንድ ጠዋት ኤሊሂዮ ሲታታ ዘንባባው ከእጁ ወደቀ። ግማሽ ጎኑ አልታዘዝ አለው። ከሁለት ሳምንት በኋላ አንደበቱ ሲመለስ ካስቲያ ከውስጡ ጠፍቷል። ሐኪሟ ስትጠይቀው በንጊዋ ይመልሳል፤ እሷም ይቃዣል ብላ ጻፈች። አይቃዥም ነበር። ልጄን ጥሩልኝ ነበር የሚለው። ፕሪስካ በአውቶቡስ ሹፌሩ በኩል ላከችበት።

ሩቲሊዮ ሐሙስ ቀን መጣ። እኔ የበቆሎ አጥሚት ይዤ በሩ ላይ ነበርኩ። ፀጉሩ ጆሮ ግንዱ አካባቢ ሸብቷል። አልጋው አጠገብ ተንበረከከና አባዬ መጣሁ አለ። ኤሊሂዮ በደህናው እጁ እጅጌውን ያዘውና በንጊዋ ተናገረ። እየቆመ፣ እየተነፈሰ፣ እያለቀሰ፣ ረጅም ሰዓት ተናገረ። እንደዚያ ያለ ንግግር ከወንድ አፍ ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም። ከዚያ በኋላም አልሰማሁም። ሲጨርስ ልጁ ወደ እናቱ ዞረ።

"ምን አለ?"

የፕሪስካ ጣቶች ሽርጧ ላይ ባዶ አየር ይታታሉ።

"ይሁን ይልሃል" አለች። "ብላ ይልሃል።"

"ያን ሁሉ ተናግሮ?"

"አዎ።"

"እማዬ፣ እያለቀሰ እኮ ነው። ረገመኝ እንዴ?"

"አልረገመህም። ብላ።"

ሳቀ፣ ግን ሳቅ አልነበረም። "ዕድሜ ልካችሁን ከእኛ ስትደብቁ ኖራችሁ። አሁን እንኳ ይቅርብሽ፣ እማዬ።" ከዚያ እኔን አየኝ። "የክርስትና እናቴ፣ አንቺ ንገሪኝ።"

በአበልጅ ቤት፣ በታማሚ ባሏ ፊት፣ በቃሏ ላይ ቃል አይደረብም። ያደግንበት ነው። ደግሞም የእኔ ካስቲያ ያኔ ከእሷ አይሰፋም ነበር፤ ያን ንግግር የምሸከምበት ዕቃ አልነበረኝም። ግን ልሞክር እችል ነበር። አልሞከርኩም። "እናትህ እንዳለችው ነው" አልኩት።

በማግስቱ አውቶቡስ ተሳፍሮ ሄደ። አጥሚቱን አልነካውም። ኤሊሂዮ እሑድ አረፈ።

በሁለተኛው ዓመት ሊቪያ የምትባል ልጅ ከከተማ መጥታ በማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ለአሮጊቶች ፊደል ማስተማር ጀመረች። ፕሪስካን ጎትቼ ወሰድኳት። ሊቪያ ካርታ ሰቅላ ካስቲያ ከየት እንደተነሳች አሳየችን፤ ከባሕሩ ማዶ፣ ካስቲያ ከተባለ በግ ጠባቂ የሚበዛበት ደረቅ አገር። በመርከብ ተሻግራ እኛ ጋ ደረሰች፣ እስከ ደቡቡ በረዶ ወረደች፣ በዚያ በኩል ደግሞ ወደ ሩቅ ደሴቶች ሄደች። ልጅቷ እጇን ካርታው ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ አመላለሰችው።

"ይህን ሁሉ አገር ይዛ" አለች ፕሪስካ፣ "የእኔ ምድጃ ምን ይጨምርላታል?"

ሴቶቹ ሳቁ። እሷ ተነስታ ወጣች፣ አልተመለሰችም። እኔ ቀረሁ። ስድሳ ስምንት ዓመቴ ነበር። ፊደሉን ያዝኩ፣ ከፊደሉ ጋር ደግሞ ማንም ያላስተማረኝን ሌላውን ካስቲያ አገኘሁ፣ ሰው የሚያዝንበትንና ይቅር የሚልበትን። ለካ ካስቲያ እሱም ነበራት። ለሩቲሊዮ ጻፍኩ። ሕንፃው አልቋል፣ ሠራተኞቹ ተበትነዋል የሚል ተጽፎበት ደብዳቤው ተመለሰ። ሁለተኛው አልተመለሰም፣ መልስም የለውም።

ፕሪስካ አሁን ካስቲያ አትናገርም። ንጊዋ የምንናገር በመንደሩ የቀረነው ሁለት ነን። "ዶሚቲላ፣ ጆሮሽ እየደነቆረ ነው" ትለኛለች። "ከዚህ በኋላ ዘንባባውን ነው የማዋየው።" ይህን እየጻፍኩ እንደሆነ ነገርኳት። ለማን ነው አለችኝ። ለሚያነበው አልኳት። "ልጄ እንደሆን አያምንም" አለችና መታታቷን ቀጠለች። ልክ ሳትሆን አትቀርም።

ቢሆንም አንተ የምታነበው፣ አንቺም የምታነቢው፣ ግንበኛ በሚሰበሰብበት ቦታ ካለፋችሁ ሩቲሊዮ የሚባል፣ በግራ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ ያለበት፣ ስድሳውን የተጠጋ ሰው እንዳለ ጠይቁልኝ። ካገኛችሁት አባቱ ያለውን ቀስ ብላችሁ ንገሩት። እንዲህ ነው ያለው፦ "ዴልፊኖ ሲወለድ አምስት ዓመትህ ነበር። እጅህ ላይ አስቀምጬ ይህ የአንተ ነው፣ ጠብቀው አልኩህ። የትልቅ ሰው ሸክም በልጅ ላይ የጫንኩት እኔ ነኝ። ከዚያ ከፍታ የመውደቁ ጥፋት የእኔ ነው እንጂ የአንተ አይደለም። እንዳትመጣ ካልኩህ ቀን ጀምሮ አውቶቡሱ በመጣ ቁጥር መንገድ ዳር ተቀምጬ ጠብቄሃለሁ። በሩን አንድም ቀን አልቀረቀርኩትም። ግባ፣ ልጄ።"

ካላመነም የክርስትና እናትህ በሩ ላይ ቆማ ሰምታለች፣ ያኔም ዋሽታሃለች በሉት።