የጠፋው የዋይፋይ ካርድ

ባለፈው ሳምንት ጎረቤቴ ሕይወት በሯ ላይ ቆማ ስሜን እየጠራች ጮኸች። የምንኖረው ከአዲሱ ገበያ ጀርባ፣ አንድ ግቢ ውስጥ ነው። በኢንተርኔት ለሚደረግ የሥራ ቃለ መጠይቅ ኮቷን ለብሳ ስትቀመጥ ኮምፒውተሯ ዋይፋይ አጥቷል። የቀራት ግማሽ ሰዓት ብቻ ነው።

«ያንተ ሊኑክስ ጉድ ሠራኝ!» አለችኝ። በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ የጫንኩላት እኔ ስለሆንኩ ሮጬ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጥኩ።

ትዕዛዝ ብጽፍ ኮምፒውተሩ የዋይፋይ ካርድ የሚባል ነገር የለኝም አለ። አጥፍቼ አበራሁት፤ የለኝም። ካርዱን የሚያሠራውን ድራይቨር ከፍላሽ እንደገና ጫንኩት፤ አሁንም የለኝም። የሕይወት አባት ጋሽ ተክሌ ከኋላዬ ቆመው ያያሉ።

«ምን እያለህ ነው?»

«ካርዱ የለም እያለ ይዋሸኛል፣ ጋሼ።»

«ኧረ እውነቱን ነው» አሉ ረጋ ብለው።

ዞር ብዬ አየኋቸው።

«ያቺን ባለ ሁለት አንቴናዋን አይደል የምትፈልገው? ቴሌቪዥኑ አልጠራ ሲለኝ ትናንት ከኮምፒውተሩ ጀርባ ፈታኋትና ጣሪያ ላይ ከዲሹ ጋር አሰርኳት። ዝናብ እንዳይነካት በፌስታል ጠቅልያታለሁ።»

ሕይወት ወደ በሩ ሮጠች። እኔም ያንን ሁሉ ትቼ «እና... ጠራልዎት?» አልኳቸው።

«መስታወት!»

ሕይወት ኮቷን እንኳ ሳታወልቅ መሰላሉን ስትወጣ፣ ጋሽ ተክሌ ከታች ሆነው ይለምኗታል፦

«እባክሽ ልጄ፣ ኳሱ እስኪያልቅ!»