ሳህኑ ነው የወደቀው

አክስቴ በምትሠራበት ቤት ከማዳሟ እናት ጋር የቆዩ የዐረብ ኮሜዲ ፊልሞችን ታይ ነበር። በአንዱ ፊልም ውስጥ ያለ የአስተናጋጅ ንግግር ከአፏ አይጠፋም ነበር።

አንድ ዓርብ፣ በእረፍት ቀናችን፣ ጅሊብ በሚባለው የስደተኞች ሰፈር ያለችው የጋራ ክፍላችን ውስጥ፣ ከሥራ የተባረረች የወሎ ልጅ ስታለቅስ፣ አክስቴ ትሪ እንደያዘ ሰው እጇን አነሣች።

«ሳህኑ ነው የወደቀው፤ እኔ ቆሜያለሁ!»

«ታዲያ ስብርባሪውን ማን ይልቀመው?» አልናት እንደ ልማዳችን።

«የቆመው!»

ልጅቷ እንባዋን ሳትጠርግ ሳቀች፤ «ወይ እትዬ፣ እርስዎ እኮ አያልቅብዎትም!»

አክስቴ ካረፈች በኋላ በኮሌጅ የመጀመሪያ ፈተናዬን ወደቅሁ። ትምህርቱን ልተወው አሰብኩ። ከባዶ አልጋዋ ፊት ቆሜ ግን እንደ እሷ እጄን አነሣሁ።

«ስብርባሪውን ማን ይልቀመው?» ብዬ ጠየቅሁ።

መልሱ ሁልጊዜ የእሷ ነበር።

«የቆመው» አልኩ ራሴ።

ነገ ደግሜ እፈተናለሁ፣ አክስቴ።