ብርሃነሽ ቫሌንሲያ ላይ እልል ያለች ዕለት

ቶሮንቶ፣ ፓርክዴል ሰፈር ውስጥ አራስ ካለች ብርሃነሽ ትደርሳለች። አረጋውያን የሚጦሩበት ነርሲንግ ሆም ኩሽና ውስጥ ሺፍቷን ጨርሳ፣ የአጥሚቱን ፔርሙዝ በፌስታል ጠቅልላ፣ በዚያ ብርድ በስትሪትካር፣ በከተማው ባቡር፣ ከተፍ ነው። ቶሮንቶ ከገባች አስራ አንድ ዓመቷ ነው። የራሷ ልጅ የላትም፤ የሰው ልጅ ግን ስታጥብና ስታዝል ኖራለች።

ታዲያ ጓደኛዋ ኑኃሚን ሴት ልጅ ወልዳ «ክርስትና የምታነሺልኝ አንቺ ነሽ» ስትላት መሬት አልበቃትም። ማተቡን በእጇ ገመደች። ለሰማንያው ቀን ነጭ ቀሚስ ሰፋች፤ ልጅቷ ወፈረች ብላ ፈትታ እንደገና ሰፋችው።

ቀኑ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ወደ ስፔን ሄደች። ትኬቱ ኑኃሚን ከማርገዟ በፊት የተቆረጠ ነው። አብረዋት የሄዱት ሊሊ የምትባል እዚሁ ቶሮንቶ የተወለደች የሐበሻ ልጅ፣ የሥራ ባልደረባዋና የሊሊ እጮኛ ማኑ ናቸው። ጊዜው ዐቢይ ጾም ነበር። ብርሃነሽ ቫሌንሲያ ላይ የዱባ ቦምቦሊኖ የሚጠብሰውን ሰውዬ በስልክ አስተርጓሚ ሦስት ጊዜ ነው የጠየቀችው፦ እንቁላል አለው? ወተት አለው? ቅቤስ? ሰውዬው መሮት የዱቄቱን ከረጢት አውጥቶ አሳያት። እንዲህ ያለችውን ሰው ነው እንግዲህ በኋላ ጾም የማታውቅ ያሏት!

በዚያ ከተማ በየሰፈሩ ሰው ዓመት ሙሉ ደክሞ ከእንጨት፣ ከወረቀትና ከፎም ትልልቅ አሻንጉሊቶች ይሠራል፤ በቅዱስ ዮሴፍ ቀን እሳት ይለቅበታል። መጀመሪያ የሚነደው የልጆቹ ነው፤ ገና ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ። እሳቱ ሲያያዝ አንዲት የወርቅ ክር ቀሚስ የለበሰች ትንሽ ልጅ ተንሰቅስቃ አለቀሰች። እናቷም አለቀሰች። የብርሃነሽ ልብ ወደ ደመራ ሄደ። የቅዱስ ቀን ነው፣ እሳት አለ፣ የሚያለቅስ ሕዝብ አለ፤ ሌላ ምን ቀረ? ነጠላ ስላልያዘች ስካርፏን አጣፋችና እልልታዋን አቀለጠችው። እሳት አጥፊዎቹ ውሃ ረጭተው ሲጨርሱም ጎንበስ ብላ አመዱን በጣቷ ነካች፤ ግንባሯ ላይ መስቀል ሠራችበት። የፎም አመድ እንደ ሬንጅ ነው፤ ሁለት ቀን ሙሉ በሳሙና አልለቀቀም። ማኑ ሳቀባት፣ እሷም አብራ ሳቀች።

ሊሊ ሁሉን ቀርፃ ነበር። ከዚያ ሁሉ አስራ ሁለት ሰከንድ ቆረጠች። በበዓሉ ላይ የሰይጣን ልብስ ለብሰው ርችት እየተኮሱ የሚዞሩ ሰዎች አሉ፤ በዚያች አስራ ሁለት ሰከንድ ውስጥ አንዱ ባለ ቀንድ ከብርሃነሽ ኋላ እየዘለለ ያልፋል፣ እሷ ደግሞ እሳቱን እያየች እልል ትላለች። መስቀሉ የለም። ሊሊ «ሐበሻዋ አንቲ ከሰይጣን ጋር ፓርቲ ስታደርግ» ብላ ቲክቶክ ላይ ለቀቀችው።

ብርሃነሽ ቅዳሜ ተመለሰች። ሰኞ ኑኃሚን ደወለች።

«ብርሃንዬ፣ እማዬ ቪዲዮውን አይታው… ሌላ ሰው ታንሳ አለች። በናትሽ ይቅር በይኝ።»

«ሌላ ማን?»

«እየሩሳሌም።»

እየሩሳሌም! ልጅቷን አንድ ቀን አቅፋ የማታውቅ፣ የኑኃሚን እናት የማኅበር ጓደኛ! ብርሃነሽ ስልኩን ዘጋችው። ሰው ሰባት ዓመት ያወቀውን ጓደኛውን እንዴት አንድ ጥያቄ ይነፍገዋል?

በነጋታው ሊሊን ከሥራ ስትወጣ በሩ ላይ ያዘቻት።

«ጃኬትሽን ዝጊ። ሪጀንት ፓርክ፣ የኑኃሚን እናት ቤት ልንሄድ ነው።»

«ኦ ማይ ጋድ፣ ጆክ እኮ ነው! ዲሊት አደርገዋለሁ።»

«እንዳትነኪው! ደበቀች ሊሉኝ ነው። ሙሉው ስልክሽ ውስጥ አለ?»

«አለ መሰለኝ።»

«መሰለኝ አትበይኝ። ፈልጊ!»

ስትሪትካሩ ውስጥ ሊሊ አንገቷን ደፍታ ስትፈልግ፣ ብርሃነሽ ቆማ ስትቆጣጠራት ደረሱ።

የኑኃሚን እናት ወይዘሮ ወለተማርያም ከአርባ ዓመት በፊት በሱዳን በኩል የመጡ፣ ቤተ ክርስቲያኑ በኪራይ አዳራሽ ሲጀመር ወንበር የደረደሩ ሴት ናቸው። ቃላቸው ይከበራል። ሶፋው ላይ ተቀምጠዋል፤ ኑኃሚን ልጇን አስተኝታ በር ላይ ቆማለች።

«እማማ፣ ጥፋቴን ከእርስዎ አፍ ልስማ» አለች ብርሃነሽ።

«እኔ ምን እላለሁ? ዓለም አይቶሻል። በጾም ባሕር ተሻግረሽ ከባለ ቀንድ ጋር እልል!»

«አላየሁትም እኮ! ከኋላዬ ነበር።»

«እሱ መቼ ከፊት ይመጣል?»

ሊሊ ሳቋ አመለጣት። ብርሃነሽ ገላመጠቻት። «ሳቂ! ነይ አሳዪያቸው።»

አራት ደቂቃ ነው። ወይዘሮ ወለተማርያም መነጽራቸውን አድርገው አዩ። ባለ ቀንዱ ዘሎ አለፈ፤ ብርሃነሽ ዞር እንኳ አላለችም። ከዚያ ጎንበስ አለች፣ አመዱን ነካች፣ አማተበች።

«እዚህ ጋ ከንፈርሽ ምን ይላል?»

«አቡነ ዘበሰማያት።»

ስልኩን ለሊሊ መለሱላት። ግን በቀላሉ የሚሸነፉ አይደሉም። «ቢሆንስ! የነደደው አሻንጉሊት ነው። ከማታውቂው እሳት አመድ ይነካል?»

«እሱ ጥፋቴ ነው። እሁድ ለንስሐ አባቴ ነግሬ አርባ ስግደት ሰጥተውኛል፤ እየሰገድኩ ነው። በሠራሁት ይፍረዱብኝ። ግን አስራ ሁለት ሰከንድ አይተው፣ ከተወለደች ጀምሮ ያቀፍኳትን ልጅ አይነጥቁኝም!» ወደ ኑኃሚን ዞረች። «አንቺስ? ምን ነበር ብለሽ መጠየቅ አቃተሽ?»

«ፈርቼ ነው» አለች ኑኃሚን እያለቀሰች። «እማዬን ታውቂያት የለ።»

«እናትሽን አውቃለሁ። ያላወቅሁት አንቺን ነው።»

ኑኃሚን እንባዋን ጠርጋ ወደ እናቷ ዞረች። «እማዬ፣ የልጄ ክርስትና እናት ብርሃነሽ ናት» አለች።

ወይዘሮ ወለተማርያም መነጽራቸውን አወለቁ። «በቃ እሺ። ቅዳሜ ነይና አንሺ።»

«እየሩሳሌምስ?»

«ኑኃሚን ትነግራታለች።»

«አይደለም እማማ። ለእሷም ለማኅበሩም የነገሩት እርስዎ ነዎት። እርስዎ ይደውሉ። ሊሊ፣ አንቺም ሙሉውን አሁን ልቀቂው፤ አንዲት ሰከንድ ሳትቆርጪ።»

ሊሊ ወዲያው ስልኳ ላይ አቀረቀረች። ወይዘሮ ወለተማርያም ግን ጣሪያውን አዩ፣ ልጃቸውን አዩ። ማንም አላገዛቸውም። ስልካቸውን አንስተው ደወሉ፤ ሁሌም እንደሚያደርጉት በስፒከር።

«አቤት እማማ!» አለች እየሩሳሌም። «ቀሚሱን ገዛሁት እኮ!»

«ልጄ…» ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ስለ ብርሃነሽ የነገርኩሽ… ሙሉውን ሳላይ ነው።» የመጨረሻዎቹን ቃላት ዋጧቸው።

«ምን አሉኝ እማማ?»

«ይድገሙላት» አለች ብርሃነሽ። «አልሰማችም።»