የቡ ላይ የተጎራረስነው ዱለት

ሪህ አለብኝ። ጅማ ያለው ሐኪሜ «ዩሪክ አሲድዎ ከፍ ብሏል፤ ጉበትና ጨጓራ እንዳይነኩ» ብሎኛል። ሦስት ወር ሙሉ አልቀመስኩም፤ ቆጥሬዋለሁ፣ ዘጠና አንድ ቀን ነው።

ታዲያ የልጄን የሠርግ ቀን ልንቆርጥ ጅማ አጠገብ ወዳለችው የቡ ከተማ ብሄድ፣ የሙሽሪት አባት አቶ በቀለ ዱለት አቀረቡ። አልበላም ብል ይቀየሙኛል፤ ብበላ የእግሬ አውራ ጣት አያስተኛኝም። ዘዴ ዘየድኩ፤ በእኔ በኩል ያለውን እየጠቀለልኩ እሳቸውን ማጉረስ። ጉርሻ መቼም አይመለስም።

«በሞቴ!» ብዬ አጎረስኳቸው።

«እርስዎም በሞቴ! አንድ ደግሞ ያጣላል» ብለው ሁለቴ አጎረሱኝ።

እኔ ሦስት ሳጎርስ እሳቸው አራት። ሴቶቹ «እንዴት ያለ ፍቅር ነው!» እያሉ እልል አሉ። ስድስት አጉርሼ ስምንት ስጎርስ ግን አላስቻለኝም፤ ወደ ጆሯቸው ጠጋ አልኩና፣

«አቶ በቀለ፣ ይማሩኝ፤ ሪህ አለብኝ። ዱለት ተከልክያለሁ» አልኳቸው።

የጠቀለሉትን ጉርሻ መልሰው አስቀመጡ። ከዚያ እግራቸውን ከመሶቡ ሥር አወጡ። አንደኛው ቆዳ ጫማ፣ ሌላኛው ነጠላ ጫማ አጥልቋል፤ አውራ ጣታቸው አብጦ እንደ ቲማቲም ቀልቷል።

«ታዲያ እኔስ» አሉኝ፣ «ለምን የማጎርስዎት መሰለዎት?»