ቀዩን ባንዲራ ያዞርኩበት ጨዋታ

ከዚህ በፊት ምንም ነገር ጽፌ አላውቅም። ትምህርቴን ያቆምኩት ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው፤ ሰው ፊት መናገርም ይከብደኛል። አንድ የካራቴ ጨዋታ ግን ከሐሳቤ አልወጣ ስላለኝ፣ ብጽፈው ይቀለኝ ይሆናል ብዬ ነው።

የምኖረው ነቀምቴ፣ ባኬ ጃማ፣ ከአክስቴ ልጅ ጋር ነው። ካራቴ የጀመርነው አብረን ነው። እሷ ተጋጣሚ ሆነች፤ እኔ መጋጠም ስለፈራሁ አሠልጣኛችን ዳኝነት አስተማሩኝ። "ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ አንቺ አታወሪም፤ ታያለሽ" አሉኝ።

ሥራው እንዲህ ነው። መሐል ዳኛው ምንጣፉ ላይ ይቆማል፤ እኛ አራታችን ቀይና ሰማያዊ ባንዲራ ይዘን በየማዕዘኑ እንቀመጣለን። አንዷ ጥሩ ምት ካሳረፈች የቀበቶዋን ቀለም እናነሳለን፤ ሁለት ባንዲራ አንድ ላይ ከተነሳ ነጥብ ነው። ምቱ ግን መንካት እንጂ መጉዳት የለበትም። እግር ሆድ ደርሶ መመለስ አለበት። ከልኩ በላይ ከገባ ባንዲራውን አየር ላይ እናዞራለን፤ ያን ጊዜ ለመቺዋ ማስጠንቀቂያ እንጂ ነጥብ የለም። ማስጠንቀቂያው ከተደገመባት ደግሞ ነጥቡ ለተመቺዋ ይሰጣል። ተመልካች ይህ አይገባውም፤ "ጣለቻት አይደል እንዴ!" ብሎ ይጮኻል።

የዚያን ቀን ለፍጻሜ የደረሱት ቀይ የታጠቀችው የአክስቴ ልጅና ሰማያዊ የታጠቀች ከዲጋ የመጣች ልጅ ነበሩ። ያሸነፈችው ከዞኑ ቡድን ጋር ለክልል ውድድር ትሄዳለች። የአክስቴ ልጅ ለዚህ ስትል ክረምቱን ሙሉ በጭቃ ስትሮጥ አይቻለሁ። አንድ ዳኛ ስለቀረ እኔ ተጠራሁ። ወደ መሐል ዳኛው ጠጋ ብዬ "ጋሼ፣ ዘመዴ ናት" አልኳቸው።

"እዚህ ከተማ ዘመድ ያልሆነ ማን አለ? ተቀመጪ!" አሉኝ።

ነጥባቸው እኩል ነበር፤ ሰዓቱ ሊያልቅ ነው። የአክስቴ ልጅ ቀደም ብላ አንድ ማስጠንቀቂያ አግኝታለች። "ጀባዱ! በርቺ!" ይላል አዳራሹ። እግሯ ተነሳ። የዲጋዋ ልጅ ሆዷን ይዛ ወደቀች። የአክስቴ ልጅ እጇን አውርዳ፣ ጎንበስ ብላ "እኔን! እኔን!" አለች።

ሰው ሲጎዳ ሁላችንም እንለዋለን። እሷ ግን ልምምድ ላይ እግሯን በልኩ ስትመልስ የወደቀባት ብትኖር ትቀልዳለች፤ "ምነው እቴ፣ ነፋስ ጣለሽ?" ትላለች። "እኔን" የምትለው እግሯ መግባቱ ሲታወቃት ብቻ ነው። በዚያ አዳራሽ ይህን የማውቀው እኔ ነበርኩ።

አንድ ቀይ ባንዲራ ተነስቷል። ሁለቱ ዳኞች በአክስቴ ልጅ ጀርባ በኩል ስለነበሩ፣ አላየንም ለማለት ባንዲራቸውን ዓይናቸው ላይ አጣመሩ። የእኔ ቀይ ከተነሳ ክልል ሄደች ማለት ነው። እግሯ የገባ መስሎኛል፤ እርግጠኛ ያደረገኝ ግን አፏ ነው። ቀዩን አዞርኩት።

መሐል ዳኛው እኔን አዩ፣ የወደቀችውን ልጅ አዩ፣ ማስጠንቀቂያውን ደገሙባት። ነጥቡ ለዲጋዋ ልጅ ሆነ፤ ወዲያው ሰዓቱ አለቀ።

"የገዛ ዘመዷን!" አለ አንዱ ከኋላዬ። "ዛሬ የት ልታድር ነው?" ሰው ሳቀ። አንገቴን ደፋሁ።

ወደ ቤት በባጃጅ ሄድን። ሰፈር ደርሰን ስንወርድ ነው የጠየቀችኝ።

"እኔን ባልል ኖሮ ቀዩን ታነሺልኝ ነበር?"

ልዋሻት አልፈለግሁም። ዓይን ዘመድ ላይ ሲሆን ይሳሳል። "ዝም ብትይ ኖሮ፣ ምናልባት" አልኳት።

ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አስተካከለችና ትኩር ብላ አየችኝ።

"ታዲያ ልጅቷ ወድቃ እያየኋት ዝም ልበል?"