ወራጅ አለ!

እኔ ግብር አልጠላም። ይኼን አስቀድሜ ልናገር፤ ሐይቅ ከተማ ውስጥ ስሜ «ያቺ ግብር አልከፍልም ያለችው» ሆኖ ቀርቷልና። ውሸት ነው ወላሂ! እኔ ያልኩት ሌላ ነው።

ከአረብ አገር ተመልሼ መናኸሪያው አጠገብ የልብስ ሱቅ ከፍቻለሁ። እማየ ግን ገጠር፣ አርዲቦ ካለው ቤቷ ንቅንቅ አልል ብላለች። ስኳር አለባት፤ እግሯ ላይ የወጣው ቁስል አልድን ብሎ በየሳምንቱ እኛ ከተማ ጤና ጣቢያ እየመጣች ማሳጠብ አለባት። ባጃጅ እሷ ቤት ድረስ በደረቁ ይወጣል፤ ዝናብ ከጣለ ግን ማን ደፍሮ! ክረምቱን በዚያ በታመመ እግሯ ጭቃውን እያቦካች እስከ አስፋልቱ ወረደች። ሐኪሙ ለብቻዬ ጠርቶ «እንዲህ ከቀጠለች እግሯ መቆረጡ ነው» አለኝ።

በዚህ መሃል ለወረዳው አውቶብስ ሊገዛ ነው ተባለና ነጋዴው ተሰበሰበ። ከምንሸጠው ሁሉ ትንሽ ትንሽ እየተቆረጠ ለአውቶብሱ ይውላል፣ እሱም ገጠሩን ከከተማው ያገናኛል አሉን። ማጨብጨብ የጀመርኩት እኔ ነኝ! ከዚያ ሰብሳቢው መስመሮቹን አነበቡ። አርዲቦ ላይ ሲደርሱ «እስከ መገንጠያው» አሉ። መገንጠያው ያለው አስፋልቱ ላይ ነው። እማየ የምትሰቃየው እኮ እዚያ እስክትደርስ ነው!

ደሜ ፈላ። ቦርሳዬን አንስቼ ብድግ አልኩና ልክ ታክሲ ውስጥ እንዳለ ሰው «ወራጅ አለ!» ብዬ ጮህኩ።

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ሰብሳቢው ግን ፊታቸው ጠቆረ። «እህቴ፣ ይኼ ስብሰባ ነው፤ ታክሲ አይደለም።»

«ታክሲ ካልሆነማ ሂሳብ ምን ያስጠይቃችኋል? የአርዲቦ ሰው ከእኔ ሱቅ ሲገዛ ይቆረጥበት የለ? ከከፈለ ቀየው ድረስ አድርሱታ! ሙሉ ሂሳብ ተቀብሎ መንገድ ላይ የሚጥል ረዳት ምን እንደሚባል ሁላችንም እናውቃለን።»

«መንገዱ አስቸጋሪ ነው፤ መኪናው ይጎዳል» አሉ።

«የእናቴ እግርስ?» አልኩ። አልተቀመጥኩም።

ከኋላዬ የነበሩ በርበሬ ነጋዴ አዛውንት ምርኩዛቸውን ይዘው ተነሡ። «እኔም ወራጅ ነኝ» አሉ። ከዚያማ ማን ይቀመጥ! ከወዲህም «ወራጅ!»፣ ከወዲያም «ወራጅ!» ሆነ። ሰብሳቢው ላባቸውን ጠረጉ፤ መገንጠያውን ሰርዘው «እስከ አርዲቦ መስጊድ፣ መንገዱም ይጠገን» ብለው ጻፉ። ቆሜ ሲጽፉ አየሁ፤ ከዚያ ተቀመጥኩ።

መንገዱ ጠጠር ለበሰና አውቶብሱ ወጣ። እማየ አልሃምዱሊላህ ቁስሏ ጠጎ በሁለት እግሯ ሱቄ ገባች። ሻሽ መርጣ ዋጋውን ጠየቀችኝ።

«ኧረ እማየ፣ ውሰጂው! ከአንቺ ልቀበል ነው?»

እንዴት እንደተቆጣች! «ካልሸጥሽልኝ ከምኑ ሊቆረጥ ነው? ሽጪልኝ አልኩሽ! አውቶብሱ የኔም ነው።»