አንድ ስም ለሁለት ሆድ

በዚያ ቅዳሜ ጠዋት የሠፈራችን ሜዳ ላይ አምስት ሰዎች ነበርን። ከአገር አቋራጭ አውቶቡስ ሹፌርነት በጡረታ የተሰናበተውና እኛ «አሠልጣኝ» የምንለው ሰው፤ ከወሎ መጥተው አዳማ ውስጥ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ከከፈቱ ብዙ ዓመት የሆናቸው፣ ከሁላችንም ታላቅ የሆኑት ሐጂ፤ በኢንዱስትሪ ፓርኩ የስፌት ክፍል ተቆጣጣሪ የሆነች፣ ከሁላችንም በዕድሜ የምታንስ ሴት፤ የአርሲ ነገሌ ተወላጅ የሆነው እህል ነጋዴ፤ አምስተኛው እኔ፣ ዕድሜዬን ሥነ ሕይወት በማስተማር የጨረስሁ ጡረተኛ መምህር።

ጠዋት ጠዋት የምንሰበሰበው ለአንድ ጉዳይ ነበር፤ ቦርጭ ለማጥፋት። አሠልጣኙ በመሪ ላይ ተቀምጦ ባሳለፋቸው ዓመታት ያወጣውን ሆድ በሲታፕ፣ ተጋድሞ ከወገብ ቀና በማለት፣ እንዳጠፋው ያምን ነበር። ጡረታ ከወጣ ወዲህ የመንገድ ዳር ሥጋ ቤቶችን መተዉን፣ ከተማዋን በቀን ሁለት ጊዜ በእግሩ ማቋረጡን እንደ ምክንያት አይቆጥረውም። «ስብ ማለት ሞራ ነው» ይለን ነበር። «እሳቱን ከሥሩ ካላነደድህበት አይቀልጥም። የሆድ ሞራ እንዲቀልጥ ሆድ ነው የሚነደው።» ስለዚህ ወገባችንን በላስቲክ ጠቅልለን ምንጣፍ ላይ እንጋደማለን፤ እሱም በኦሮምኛ ይቆጥርልናል፦ ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ። በመጨረሻ ላስቲኩ ሲፈታ የሚወርደውን ላብ እያየን «ዛሬስ ቀለጠ» እንባባላለን።

እንባባላለን ስል ራሴን ጨምሬ ነው። የሚሠራ የሆድ ጡንቻ ከላዩ የተኛውን ስብ ለይቶ እንደማይበላ፣ ሰውነት ሲያስፈልገው ካከማቸበት ሁሉ በራሱ ቅደም ተከተል እየቀዳ በደም እንደሚያመላልስ፣ ላብም ውኃና ጨው እንጂ ስብ እንዳልሆነ ለብዙ ዓመታት ጥቁር ሰሌዳ ላይ የጻፍሁ ሰው ነኝ። ቢሆንም ላስቲክ ታጥቄ ተጋደምሁ። ባለቤቴ ከሞተች በኋላ ቤቴ ውስጥ የሚሰማው የሬዲዮ ድምፅ ብቻ ነበር፤ ልጆች አልነበሩንም። አሠልጣኙ «መምህር፣ ሠላሳ ላይ ተኙብን እኮ፣ ይነሡ እንጂ» ሲለኝ፣ ያ ቃል ብዙውን ጊዜ እስከ ማግሥቱ ጠዋት ሰው የሚነግረኝ ብቸኛ ቃል ይሆናል። እውነቱን ብናገር የምንሰበሰብበት ምክንያት ይፈርሳል ብዬ ሰጋሁ። ዝምታ ለእኔ አዲስ ነገር አልነበረም፤ በሥራ ዘመኔም ብዙ ጊዜ ያዳነኝ እሱ ነው፤ ወይም እንዳዳነኝ አምን ነበር።

ማኅበራችን አንድ ሥርዓት ነበረው። ተቆጣጣሪዋ ለእያንዳንዳችን ሲባጎ ቆርጣ፣ በመጀመሪያው ቀን በእምብርታችን ዙሪያ ለክታ፣ ልኩ ላይ ቋጥራልን ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ እንደገና እንለካለን። ሲባጎው ከቋጠሮው ካለፈ ጭብጨባ አለ፤ ቋጠሮው ጋ ካልደረሰ ሃምሳ ሲታፕ ቅጣት ይጨመራል። ከእኛ ሁሉ በቅጣት የኖረው ነጋዴው ነው። «ኦቦ ጎተራ» እያልን እንስቅበት ነበር፤ እሱም አብሮን ይስቃል።

ሆኖም እኔ ከሳቁ ጀርባ ሌላ ነገር አይ ነበር። ሰውየው ሆዱ እየገፋ ክንዱ ይሟሽሽ ነበር። ጉንጩ ገባ። የሆዱ ቆዳ ተወጥሮ ያብለጨልጫል። ጫማውን ሲያወልቅ የካልሲው ጠርዝ ያረፈበት የቁርጭምጭሚቱ ሥጋ ጎድጉዶ ይቀራል፤ ቶሎም አይመለስም። በከተማችን አነጋገር ከወገብ በላይ ወደ ፊት የገፋ ነገር ሁሉ ስሙ ቦርጭ ነው። ስሙ አንድ ስለሆነ የሚጠይቅ አልነበረም፤ ቦርጭ ከተባለ መድኃኒቱ ሲታፕ ነው። ስብ ያወጣውን ሆድና ሕመም ያወጣውን ለይቼ ማየት የምችለው እኔ ብቻ ነበርሁ። ሐኪም አይደለሁም እያልሁ ራሴን አባበልሁ፤ በዚህ ሁኔታ አራት ቅዳሜ አለፈ።

በዚያ ቅዳሜ አሠልጣኙ ሲባጎውን በነጋዴው ሆድ ላይ ሲያዞረው ጫፉ ቋጠሮው ጋ ሳይደርስ ቀረ።

«አራት ጣት» አለች ተቆጣጣሪዋ እጇን አስጠግታ። «ያለፈው ቅዳሜ ሁለት ነበር።»

«አንተ ሰውዬ፣ ተደብቀህ ጮማ እየቆረጥህ ነው» አለ አሠልጣኙ።

«እኔስ ሲባጎው ያጠረ መሰለኝ» አሉ ሐጂ። «ወላሂ፣ ጎተራ እንኳን ባንድ ሳምንት እንዲህ አይሞላም።»

ነጋዴው በዚህ ጊዜ አልሳቀም። «ከምሳ በኋላ እህል አልቀምስም። ሁለት ጉርሻ ነው የሚያጠግበኝ። ማሎ፣ እባካችሁ፣ እመኑኝ እንጂ» አለ።

«ሃምሳ» አለ አሠልጣኙ።

ተጋደመ። አሠልጣኙ መቁጠር ጀመረ። አሥራ ስምንት ላይ ሲደርስ ነጋዴው ቀና ማለት አቃተው፤ ወደ ጎኑ ዞሮ አፉን ከፍቶ አየር ይስብ ጀመር። አሠልጣኙ ግን ስንፍና መስሎት ያንኑ ቁጥር ደጋገመለት። እኔ ላስቲኬን ፈታሁና ተነሣሁ።

«በቃ። ይህ ሰው የያዘው ቦርጭ አይደለም።»

«ታዲያ ምን ሊሆን ነው መምህር?» አለ አሠልጣኙ ፈገግ ብሎ።

ወደ ሐጂ ዞርሁ። «ጣሪያዎ ላይ የውኃ ሮቶ አለ አይደል? የማዕድ ቤቱን ቧንቧ ሲከፍቱ ውኃው የሚጎድለው በማዕድ ቤቱ በኩል ብቻ ነው?»

«ኧረ አይደለም። ሁሉም በኩል እኩል ነው የሚወርድ።»

«ስብም እንደዚያ ነው። ሆዳችንን ስላሠራን የሆዳችን ስብ ለብቻው አይሄድም። ሰውነት ከየቦታው ይቀዳል። ምሳሌው ሙሉ አይደለም፤ ከአንዱ ቦታ ቀድሞ፣ ከሌላው ዘግይቶ ሊቀዳ ይችላል፤ ነገር ግን ቅደም ተከተሉን እኛ አናዝዘውም። የዚህ ሰው ክንድና ፊት ጎድሎ ሆዱ ብቻ በየሳምንቱ ከሞላ፣ የሞላው ስብ ነው ብዬ አላምንም። እግሩን እዩት። ዛሬውኑ ሐኪም ሊያየው ይገባል።»

ሁሉም ወደ እግሩ ተመለከቱ። ከዚያ አሠልጣኙ «የእኔስ ሆድ? የእኔ በምን ጠፋ ሊሉ ነው?» አለኝ።

«በእግርህ» አልሁት። ቀልድ ለማድረግ አስቤ አልነበረም፤ ተቆጣጣሪዋ ግን ሳቀች፤ የእሱም ፊት ያን ጊዜ ተለወጠ።

ሐጂ ጢማቸውን እየዳሰሱ «እንግዲህ መምህር» አሉ፣ «እርስዎ ይህን ሁሉ ወር ከእኛ ጋር ላስቲክ ታጥቀው ምን ይሠሩ ኖሯል?»

የፈታሁትን ላስቲክ ማጣጠፍ ጀመርሁ። ነጋዴው በክንዱ ተደግፎ ቀና አለ። «እግሬን ከመቼ ጀምሮ አይተውታል?»

«አንድ ወር ይሆናል።»

የሱሪውን ጫፍ ወደ ታች ጎተተና ቁርጭምጭሚቱን ሸፈነ። ተቆጣጣሪዋ ባጃጅ ጠራች። አብሬ ልሂድ ብዬ ስጠጋ «ግዴለም መምህር፣ አይልፉ» አለኝና እሷን ይዞ ሄደ።

ሆዱ ውስጥ የተጠራቀመው ውኃ ነበር፤ ጉበቱ ታምሞ ነው። ሐኪሞቹ ውኃውን ቀድተው መድኃኒት አስጀመሩት፤ እሱም አርሲ ነገሌ ወዳለችው ባለትዳር ልጁ ቤት ሄደ። ይህን የሰማሁት ከተቆጣጣሪዋ ነው።

ሁለት ወር ያህል ካመነታሁ በኋላ ልጠይቀው ሄድሁ። ሞጆ ላይ መኪና ለውጬ፣ መቂንና ባቱን አልፌ፣ ከቡልቡላ በኋላ በመስኮቱ የሚታየውን ግራር እየቆጠርሁ የምሰጠውን መልስ አዘጋጀሁ፦ ሐኪም አለመሆኔን፣ እርግጠኛ አለመሆኔን፣ ሰውን በከንቱ ማስደንገጥ ነውር መሆኑን። ነጋዴውን ያገኘሁት ከልጁ ቤት ፊት ለፊት፣ የስንዴ ጆንያዎች አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነው። ከስቷል፤ ሆዱ ግን ወርዷል።

«አካም ጂርቱ፣ መምህር» ብሎ ለመነሣት ሞከረ። ትከሻውን ይዤ አስቀመጥሁት።

«ውኃው ጎደለ» አለኝ። «ጨው ከለከሉኝ። ያለ ጨው ወጥ ምን ወጥ ነው? ልጄ ግን ታዛዥ ናት፤ ቆንጥራ እንኳን አትሰጠኝም።» «ሐኪሙ ቀደም ብለህ ብትመጣ ይሻል ነበር አለኝ» ብሎ ጨመረ።

አጠገቡ ካሉት ጆንያዎች በአንዱ ላይ ተቀመጥሁ።

«እነሱ የሳቁት ስላላወቁ ነው፤ አልቀየምኳቸውም። ጮማ አልበላም ስል አላመኑኝም። እርስዎ ግን እንደማልዋሽ ያውቁ ነበር።»

«አውቅ ነበር።»

«ታዲያ?»

በመንገድ ያዘጋጀሁትን መልስ ተውሁት። «ሜዳው እንዳይበተን ብዬ ነው» አልሁት። «ጠዋት ጠዋት የምሄድበት ሌላ ቦታ የለኝም።»

ከጆንያው አንድ ፍሬ ስንዴ አወጣና በጥርሱ ሰበረው፤ ለብዙ ዓመታት የእህል ድርቀት ሲፈትን እንደኖረው። «ቢነግሩኝ ኖሮ» አለ ቀስ ብሎ፣ «ሜዳው ቢበተን እንኳ እኔ ራሴ ቤትዎ እመጣ ነበር።»

ከዚህ በኋላ ስለ ጉዳዩ አልተነጋገርንም። ምሳ ሳልበላ እንዳልሄድ አጥብቆ ያዘኝ፤ በልጁ ትከሻ ተደግፎ እስከ መኪናው ሸኘኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ እሱ ደውሎልኝ አያውቅም። በበዓል ቀን እኔ እደውላለሁ፤ ስልኩን የምታነሣው ልጁ ናት፤ ደኅና ነው፣ ጋደም ብሏል ትለኛለች። ሰላምታዬን እንድታደርስልኝ እጠይቃለሁ፤ እሺ ትላለች።

ሐጂ ከንጋቱ የሱብሒ ሶላት በኋላ ከመስጊድ ወዳጆቻቸው ጋር መራመድ ጀምረዋል። መንገድ ላይ ስንገናኝ ሰላምታቸው እንደ ቀድሞው ሞቅ ያለ ነው፤ ኑ ብለው ግን ጠርተውኝ አያውቁም። ተቆጣጣሪዋ የሥራ ፈረቃዋ ተለወጠ፤ ሁለት ቅዳሜ መጣች፣ ከዚያ ቀረች። አሠልጣኙ መቁጠሩን ትቷል። ሲባጎም ላስቲክም የለም። ሜዳውን እንዞራለን፤ እሱ ጥቂት እርምጃ ይቀድመኛል፤ ልድረስበት ብዬ ስፈጥን እሱም ይፈጥናል። ስንጨርስ ራሱን ዝቅ አድርጎ ይሰናበተኛል፤ እኔም እንደዚያው።

ከአምስታችን ሁለት ቀርተናል፤ ነፋሱ አቧራ በሚያነሣበት ጠዋት እኔ ብቻ።